የአራት ቁጥር ዘበኛ

ሊቁ የሚለው ቅጽል ስም ሲወጣለት ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ምርቃት ተቀበለው። በሆስፒታሉ መድኃኒት መጋዘን ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ገመድ የሚዘረጋው፣ ወረቀት የጎረሰ ማተሚያ ውስጥ እጁን የሚሰደው እሱ ብቻ ነው። አንድን ነገር ብቻውን የሚያውቅ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው ስለሌለ፣ ውሎ አድሮ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ሊቁ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ እትዬ ደብተር ናቸው። ይህም ያው ቅጽል ስም ነው፤ ሴትዮዋ ግን ስሙን ሠርተው ያገኙት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የገባውንም የወጣውንም ጽፈዋል። ካርቶን ሲቀበሉ ይጽፋሉ፣ መሰላል ሲያውሱ ይጽፋሉ፣ አምፖል ሲቃጠል ይጽፋሉ። ጽፈው ሲያበቁ ደብተሩን ወደ ሰውየው ያዞሩና “ፈርም” ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አንድ ቀን እስክሪብቶ ተውሶ ፈርሟል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ያልፈረመ ቢኖር ሊቁ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አዲስ ገብቶ መደርደሪያ ከመደርደሪያ ሲምታታበት እጁን ይዘው ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሊፈርም ጎንበስ ሲል ደብተሩን ይከድኑበታል። “ያንተ ቃል ይበቃኛል፣ ልጄ” ይሉታል።

ኋላ የእጅ ማሽኖቹ መጡ። አስራ አራት ናቸው፤ መዳፍ የሚሞሉ፣ የካርቶኑን ባርኮድ አንብበው መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ የት መደርደሪያ እንደሚቀመጥና መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚናገሩ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ስለሚሠሩ ሊቁ ደስታውን አልቻለውም። ሊኑክስ ሲባል ዓይኑ ያበራል።

አስራ አራት ማሽን አንድ በአንድ ማስተካከል አሰልቺ ነው። ስለዚህ የእሱ ዘዴ አንዷን በደንብ አዘጋጅቶ፣ “እናቲቱ” ብሎ ሰይሞ፣ የቀሩትን ከእሷ መገልበጥ ነበር። ዘዴው ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ እናት የያዘችው ሁሉ ወደ ልጆች መተላለፉ ነው።

እሁድ ዕለት እናቲቱን ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከወዲያ ሲንጣጣ እሱ ከወዲህ ማሽኗን ሲነካካ ዋለ። ሌላ አገር ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛው ቼዝ እንጫወት አለው። ሊቁም ባለቤቱ ካልታወቀ ድረ ገጽ አንድ የቼዝ ጨዋታ አውርዶ እናቲቱ ላይ ጫነ። ጨዋታው ግን ከጓደኛው ጋር አልገናኝ አለ፤ ፋየርዎሉ ከለከለው። ፋየርዎል ማለት በማሽን ደጃፍ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው፤ የማያውቀውን አያሳልፍም። ሊቁ “ለዛሬ ብቻ” ብሎ አጠፋው። ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ሰው ሦስት ጊዜ አሸንፎ ሲያበቃ ደግሞ የተዘጋና የተከፈተ በር ማን ያስታውሳል።

ሰኞና ማክሰኞ አስራ ሦስቱን ገለበጠ፤ ረቡዕ እናቲቱን ጨምሮ አስራ አራቱንም ለሠራተኛው አደለ። ግድግዳው ላይም በትልቁ ጽፎ ለጠፈ፦ ማሽኑ አይጠፋም፤ ከሥራ ሲወጣ ቻርጀር ላይ ይቀመጥ። ከአስራ አራቱ ሰው አስራ ሦስቱ ማስታወቂያውን እንደ ግድግዳ ቀለም አዩት። ማታ ማታ ማሽናቸውን አጥፍተው ይሄዳሉ። ቃል በቃል ያከበሩት እትዬ ደብተር ብቻ ናቸው። የእሳቸው አራት ቁጥር ነበረች።

ያን ረቡዕ ሁሉም ማሽኑን ይዞ እንደ ተማሪ በተሰለፈበት፣ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው በማሽኗ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሲያነቡ አንድ ቦታ ቆሙ።

“ልጄ፣ ይቺ ላይ በቀይ ‘ፋየርዎል ጠፍቷል’ ይላል። ፋየርዎል ምንድን ነው?”

“በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው በሉት፣ እትዬ።”

“ታዲያ ዘበኛው ለምን ጠፋ?”

እዚህ ላይ “ረስቼው ነው” ቢል ሁለት ቃል ነበር፤ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን አስራ ሦስት ሰው ያየዋል። ሊቁ ሰው ፊት ረስቶ አያውቅም።

“እትዬ፣ ይሄ እኮ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ቫይረስ አይዘውም። ሌባ ለማይመጣበት ቤት ዘበኛ ምን ይሠራል?” አለና ጨዋታው ስለጣመው ቀጠለ። “ይልቅ ያንን ደብተር አሁንስ ይጣሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም?”

ሰው ሳቀ። ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ራሱ ነው። እትዬ ፈገግ ብለው ሁለት መስመር ያህል ጻፉና ደብተሩን ከደኑ።

ሊቁ የተናገረው ፍጹም ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ያሳተው። ሌባ ትልልቁን ቤት ያዘወትራል፤ ስለዚህ እንደ ሊኑክስ ያለውን፣ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበትን ትንሽ ቤት የሚረሳው ይመስላል። ግን በሩ ተከፍቶ፣ ያውም አስራ አራቱም ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት በአንድ የይለፍ ቃል ተቆልፈው፣ በዚያ ላይ ሌባውን ራሱ በቼዝ ጠቅልሎ ያስገባ ባለቤት እያላቸው፣ ሊኑክስ ምን ያድርግ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዋናው ኮምፒውተር ማዝገም ጀመረ፤ ረፋዱ ላይ ጭራሽ ቆመ። መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ያሉት ልጆች የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ ማየት አቃታቸው። ልጇን የሚጥል በሽታ ያመመባት አንዲት እናት ማዘዣዋን ይዛ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆመች። “የለም” እንዳይሏት አያውቁም፣ “አለ” እንዳይሏት አያውቁም። በመጨረሻ እትዬ ደብተራቸውን ገልጠው “ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ በስተግራ” አሉና መድኃኒቱ ተገኘ። ሊቁ ይህን ቆሞ አየ።

ከሰዓት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ መጣች። ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የኔትወርኩን መዝገብ አገላብጣ፣ “ጩኸቱ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ማሽን ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ ውጭ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር ከርሟል። አራት ቁጥር” አለች። ሥራ አስኪያጁ አራት ቁጥርን ከእትዬ እጅ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት። እትዬ መዝግበው አስፈረሙት።

ሊቁ ክፍሉን ዘግቶ እናቲቱን ከፈተ። ከቼዙ ጋር ተጠቅልሎ የገባ፣ እሱ የማያውቀው ፕሮግራም ተቀምጧል። ሰባት ቁጥርን አየ፤ አለ። አስራ ሁለትን አየ፤ አለ። ማሽኖቹ ሁሉ ታመው ነበር፤ ግን ሌሎቹ ማታ ማታ ስለሚጠፉ ብዙም አልተሰሙም። አራት ቁጥር ከሁሉ በላይ የጮኸችው ባለቤቷ የእሱን ትእዛዝ አክብረው ስላላጠፏት ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት፣ ባለሙያዋ ሌሎቹን ሳታይ፣ ከእናቲቱም ከአስራ ሁለቱ ልጆችም ቼዙን አጠፋ፤ ያንን ፕሮግራም ነቀለ፤ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ ፋየርዎሉን አበራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጥገና ነው የያዝኩት ብሎ ራሱን አሳመነ። ማስረጃ እያጠፋ እንደሆነ የሚነግረውን ሐሳብ በሥራ ብዛት አባረረው። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈችው አንዷ ብቻ ቀረች።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ባለሙያዋ በደረቁ ተናገረች። “አስራ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፤ ፋየርዎላቸው በርቷል። አራት ቁጥር ላይ ግን ፋየርዎሉ ጠፍቷል፣ የቼዝ ጨዋታም ተጭኖባታል። ቫይረሱ የመጣው ከጨዋታው ጋር ነው።”

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። ደብተራቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጃቸው ከደብተሩ ላይ ነው።

“እኔ ቼዝ አልችልም” አሉ።

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላውም ሳቀ። ሊቁ ግን አልሳቀም። አራት ቁጥር ላይ የቀረው ጨዋታ ወንጀል የመሰለው ከሌሎቹ ላይ ስለጠፋ ነው፤ ያጠፋው ደግሞ እሱ ነው። ሴትዮዋን አልከሰሳቸውም፤ ዙሪያቸውን አጽድቶ ብቻቸውን ቆሻሻ አደረጋቸው።

“አንተ ስታስረክባቸው ፋየርዎሉ በርቶ ነበር?” ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠየቀው።

“አጣርቼ... አጣርቼ ልንገራችሁ” አለ።

ነገሩ እስኪጣራ እትዬ ቁልፍ እንዲያስረክቡ ታዘዘ። ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ቆጠሩ። “ዘጠኝ ናቸው” አሉና ጽፈው ደብተሩን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞሩ። ፈረመ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ባዶ ካርቶን ወደሚታጠፍበት ክፍል ተላኩ። ከሥራ ይሰናበቱ ወይስ አይሰናበቱ የሚለው ደግሞ ከአስራ አንድ ቀን በኋላ፣ ዓርብ ሊወሰን ተቀጠረ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሊቁም በዚህ ተረት ተጽናና። የእሱ ዝምታ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነቀዘ። ካርቶን ማጠፊያው ክፍል መተላለፊያው ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ላለማለፍ በጓሮ ደረጃ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ በዋናው በር ቢገባ እትዬ ፊት ለፊት ገጠሙት።

“እንደምን አደርክ፣ ልጄ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ” አለና ከሚፈለገው በላይ አጎነበሰ።

መደገፊያ የሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ካርቶን ሲያጥፉ ስላያቸው ማክሰኞ ከክፍሉ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ወሰደላቸው። መረቁት። ምርቃቱ አንገበገበው። ሰው የበደለውን በወንበር ሊክስ ሲሞክር ከበደሉ ይልቅ ወንበሩ ያሳፍረዋል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ቤቱ ገብቶ እህል አልወርድ ሲለው ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

“ምን ሆነሃል? ሳምንቱን ሙሉ በቁምህ ሞተሃል እኮ።”

ነገራት። ቼዙን፣ ዘበኛውን፣ ማጥፋቱን፣ ወንበሩን ሳይቀር። አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም፤ መርፌውን ከአፏ አውጥታ ሰካችው።

“ነገ ነው የሚወስኑት?”

“ነገ ነው።”

“ታዲያ ምን እየጠበቅክ ነው? ቫይረሱ ራሱ መጥቶ እንዲናገር?”

“ያባርሩኛል።”

“ያባርሩህ። እኔ እሰፋለሁ። እሳቸው ግን በዚህ ዕድሜያቸው ‘በሥራ ሰዓት ስትጫወት ተባረረች’ ተብለው ሰፈር ይገባሉ።” ጨርቁን ወደ መኪናዋ መለሰች። “ሰርግህ ላይ እናትህ ቦታ የቆሙት ማን ነበሩ? ረሳህ?”

አልረሳም። ያ ነው የባሰው።

ዓርብ ዕለት ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሰው። እትዬ ያው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ደብተሩም ከእጃቸው ሥር ነው። ሥራ አስኪያጁ የተጻፈውን ወረቀት አንስቶ “ከመነበቡ በፊት የሚናገር አለ?” አለ። እንዲያው ለወጉ የሚባል ነገር ነው፤ ማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሊቁ ተነሣ።

“ቼዙን የጫንኩት እኔ ነኝ” አለ። “እሁድ ቀን፣ ቤቴ። ፋየርዎሉንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉንም ከዚያችው ማሽን ገለበጥኩ። ሁሉም ላይ ነበረ። ኮምፒውተሩ በቆመ ማግስት ጠዋት ከሌሎቹ ላይ አጠፋሁት፤ አራት ቁጥር ተቆልፋ ስለነበረ ነው የቀረው። የጨዋታው ፋይል መቼ እንደገባ እዩ። ማሽኗ ለእትዬ ከመታደሏ ሦስት ቀን በፊት ነው።”

ባለሙያዋ አራት ቁጥርን ከታሸገችበት ፕላስቲክ አውጥታ ከፈተች። “እሁድ ይላል” አለች። ፊቷ ቀላ። “ቀኑን ማየት ነበረብኝ።”

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። “አስራ አንድ ቀን ሙሉ የት ነበርክ?”

“እዚሁ ነበርኩ” አለ ሊቁ። ከተናገረው ሁሉ ያቺ አሳፈረችው፤ እዚሁ ነበር፣ በየቀኑ እያየ።

ቁልፎቹ ተመለሱ፤ እትዬ ዘጠኙንም ቆጥረው ወገባቸው ላይ አሰሩ። የሊቁ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እሱ ግን ከክፍሉ ሲወጣ፣ እውነቱን እንናገር፣ ደረቱ ትንሽ ቀና ብሎ ነበር። ሳይገደድ ተነሥቶ መናገር ለሁሉም የሚሆን ነገር አይደለም ብሎ አሰበ። ሰው ጥፋቱን ተናግሮ ገና ምራቁን ሳይውጥ ራሱን ማመስገን ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ አራት ቁጥርን አጽድቶ መጋዘን ወሰደላቸው። እትዬ የድሮ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው አቧራ ይጠርጋሉ። የእሱን ወንበር ከካርቶን ክፍሉ አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀምጠዋታል፣ እንዲወስዳት።

“እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።”

“ተቀመጥ” አሉት። ደብተሩን ገልጠው ወደ እሱ አዞሩለት። “አንብብ።”

ጽሑፋቸው ድርድር ያለ ነው፤ ለማንበብ አያስቸግርም።

ረቡዕ። የማሽኗ ዘበኛ ለምን ጠፋ ብዬ ጠየቅሁት። አያስፈልግም አለኝ። ሰው ፊት ሳቀብኝ።

ብዙ ቅጠል ገልጦ አለፈ።

ሰኞ። ቁልፍ አስረከብኩ፣ ዘጠኝ። እሱ አጣርቼ አለ።

ማክሰኞ። በጓሮ ደረጃ ወጣ። አልተናገረም።

ረቡዕ። አልተናገረም።

ሐሙስ። ዝናብ ነበረ። ሰላም አለኝ። አልተናገረም።

ዓርብ። አልተናገረም።

ሰኞ። አልተናገረም።

ማክሰኞ። ወንበር አመጣልኝ። አልተናገረም።

ረቡዕ። አልተናገረም።

ሐሙስ። አልተናገረም። ነገ ነው።

ሊቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ቀና ያለ ደረቱ የት እንደገባ እንጃ። ደብተሩ በሁለቱም ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእሱ ቢርቅ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነበር የተቀመጠው። አንድ ቅጠል መግለጥ ብቻ ይበቃቸው ነበር።

“ይሄን ይዘው... ለምን አላሳዩዋቸውም?” አለ።

“ደብተሬ ከተናገረ አንተ መቼ ልትናገር?” አሉ። ቁጣ የለባቸውም። “ሐሙስ ማታ ግን ፈራሁ። የማይናገር ነው፣ ተሳስቼበታለሁ አልኩ።”

“ይናገራል ብለው ነበር?”

“የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን።”

ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። ደብቆ ሊጠርገው ሞከረና ተወው። እትዬ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ከሐሙስ በታች “ዓርብ። ተናገረ።” ብለው ጻፉ።

“አሁን ዘበኛው ነቅቷል?”

“ነቅቷል፣ እትዬ። አብርቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉንም ቀይሬያለሁ።”

“አሳየኝ።”

ገጹን ከፍቶ ማሽኗን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ማሽኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሲጨርሱ አንድ መስመር ጻፉ፦ የአራት ቁጥር ፋየርዎል በርቷል፤ በዓይኔ አየሁ።

ሊቁ ነገሩ ያለቀ መስሎት ሊነሣ ወንበሩን ገፋ አደረገ። እትዬ ግን ደብተሩን አልከደኑም። ወደ እሱ አዞሩት፤ እስክሪብቶውንም ላዩ ላይ አጋደሙለት።

“ፈርም” አሉት።